ሳንባዬን የሞላው ውሃ

ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የሚያገኙኝ እህቶች ሁሉ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «አንቺ ደግሞ በዚህ ዕድሜሽ ባሕር ውስጥ ምን ልትሠሪ ገባሽ?» መልሱ ረጅም ስለሆነ ቆሜ ጨርሼው አላውቅም። አሁን ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብያለሁ። በተለይ የደም ግፊት ያለባችሁ፣ ይኑርባችሁ አይኑርባችሁ የማታውቁ፣ እንደኔ ጎልማሳ ሆናችሁ ዋና የጀመራችሁ እናቶች እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ከሞት የተረፈ ሰው ወሬ ያበዛል፤ ታገሡኝ።

የምኖረው እዚህ አውስትራሊያ፣ ሰንሻይን ዌስት በሚባል ሰፈር ነው። ሥራዬ አረጋውያን መንከባከብ ነው፤ ባለቤቴ ታደሰ ትሩጋኒና በሚባል ሰፈር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ይነዳል። እግዚአብሔር የሰጠን አንዲት ልጅ ናት፣ ቤዛ። የጓደኞቼ ልጆች ነርስና አካውንታንት ሲሆኑ የኔዋ ጠላቂ ሆነች። ሰዎችን ባሕር ውስጥ መተንፈስ እያስተማረች ታች ይዛቸው ትወርዳለች፤ ደመወዝ የሚከፍሏት ለዚሁ ነው። አባቷ ሲያሾፍባት «የዓሣ እረኛ» ይላታል።

ከሥራ ስትመለስ «ዛሬ ምን አየሽ?» ብዬ መጠየቅ ልማዴ ነበር። በአማርኛ ትጀምርልኛለች። «እማ፣ አንድ ትልቅ... ምንድን ነው የሚባለው...» ትልና ቃል ያጥራታል። ወደ እንግሊዝኛ ትሻገራለች፤ እዚያ ደግሞ እኔ ወደ ኋላ እቀራለሁ። እጇን እያወናጨፈች፣ ዓይኗ እየበራ ትጨርሰዋለች፤ እኔም የገባኝ መስዬ «ተመስገን» እላለሁ። ልጄ ከሁሉ አብልጣ የምትወደውን ነገር በየትኛውም ቋንቋችን ልትነግረኝ አልቻለችም። ባሕር የገባሁት ለዚህ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ዋናውን የተማርኩት ለጉልበቴ ይጠቅማል ተብዬ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ለሴቶች ብቻ በሚዘጋ መዋኛ። አንድ ቀን ቤዛ ልትወስደኝ መጥታ ከዳር ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣ «እማ፣ አንቺ እኮ ከኔ ተማሪዎች ትበልጫለሽ። መርከቤን ላሳይሽ?» አለችኝ። መርከቤ የምትለው ከቤታችን በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ በሚወስድ ዳርቻ፣ ከብዙ ዘመን በፊት የሰመጠ የድንጋይ ከሰል ጫኝ ነው። ጥልቅ ቦታ አይደለም፤ ጸጥ ባለ ቀን ከላይ ሆኖ ጥላው ይታያል።

እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ምድጃ ካጠፋሁ በኋላ ተመልሼ የማይ ሴት ነኝ። በኔ ዕድሜ ለመጥለቅ የሐኪም ፈቃድ ስለሚያስፈልግ መጀመሪያ ጂፒ የምንለው የቤተሰብ ሐኪሜ ዘንድ ቡክ አደረግኩ። ግፊቴን ለካ፤ ከፍ ብሏል። ደግሞ ለካ፤ አሁንም ከፍ ብሏል። «ሐኪም ስታዪ ስለምትጨነቂ ነው፤ ብዙ ሰው እንዲህ ይሆናል» ብሎ ፈረመልኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከፍ ያለ ቁጥር ሁለት ጊዜ አይቼ ደስ ብሎኝ መውጣቴ አሁን ሳስበው ይገርመኛል።

መዋኛው ውስጥ በመሣሪያ መተንፈስ ከተለማመድኩ በኋላ አንድ ዓርብ ጠዋት ሄድን። ማለዳ ተነስቼ ጸሎቴን አድርሼ፣ በባዶ ሆዴ ጠበሌን ጠጥቼ ነው ከቤት የወጣሁት። ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ጸጥ ብሏል። ቤዛ ዌትሱት የሚሉትን፣ ገላ ላይ ጥብቅ የሚል ወፍራም የጎማ ልብስ አለበሰችኝ። ከጀርባዬ ዚፑን እየሳበች «ሆድሽን አስገቢ እማ!» ትላለች።

«ሆድ የት አለኝና ላስገባ?»

«እሺ፣ ይሄ የማን ነው?»

እዚያው አሸዋው ላይ በሳቅ ወደቅን። ማተቤን ከልብሱ ሥር ከተትኩት።

ውሃው ይቀዘቅዛል። ቅዝቃዜ ስል ሙቅ ውሃ ያለቀበት ሻወር አይምሰላችሁ። ግንባርን የሚቆረጥም፣ በአንገት ሾልኮ በአከርካሪ የሚወርድ፣ ጥርስ ሥር ድረስ የሚሰማ ነገር ነው። ስመ ሥላሴ ጠርቼ አማተብኩና ፊቴን ነከርኩ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ። መጀመሪያ አረንጓዴ ብርሃን ብቻ ነበር። ማለዳ በመስኮት የገባ ጨረር የቤቱን አቧራ አንድ በአንድ እንደሚያሳይ፣ ይኸኛውም በውሃው የሚንሳፈፈውን ብናኝ ሁሉ እያሳየ ወደ ታች ይወርዳል። ከብርሃኑ ውስጥ መርከቡ ብቅ አለ። በጎኑ ተኝቷል። ሳንቃው አልቆ የብረት የጎድን አጥንቶቹ ብቻ ቆመዋል። ግን ባዶ የቀረ ስንዝር ቦታ አልነበረም። ብረቱ ብርቱካንማ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ ለብሷል፤ ቀለም ነው ብዬ ነበር፣ ለካ ሕይወት ያላቸው እንስሳት ናቸው። ጥፍር የሚያክሉ ዓሦች በሠራዊት ሆነው በአንዱ ቀዳዳ ይገባሉ፣ በሌላው ይወጣሉ፤ ሲዞሩ ሁሉም እኩል ይዞራሉ፣ አንድም አይሳሳትም። ከመርከቡ ሥር እንደ ተዘረጋ ጋቢ የሰፋ ጠፍጣፋ ዓሣ ተነሳ። ክንፉን አንዴ ብቻ አንቀሳቀሰና በፊቴ አለፈ። ዓይኑን አይቻለሁ፤ እሱም አይቶኛል። እንደዚያ የማይቸኩል ፍጥረት አጋጥሞኝ አያውቅም።

አፌ በመሣሪያው ተይዟል፤ በልቤ ግን «ጌታዬ፣ ይህን ሁሉ ማን እንዲያየው ብለህ ነው እዚህ ያስቀመጥከው?» እል ነበር። ማንም በማያየው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ፣ የሰው እጅ በተወው ዝገት ላይ፣ ይህ ሁሉ ጌጥ! ዞር ስል ቤዛ መርከቡን ሳይሆን የኔን ፊት ነበር የምታየው። እጇን ዘርግታ ወደ ዓሦቹ ስትጠቁመኝ ገባኝ፤ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ወጥ ቤት ቆማ እጇን እያወናጨፈች ልትነግረኝ የነበረው ይህንን ነው። እጇን ይዤ ጨበጥኩት።

ከዚያ ትንፋሽ አጠረኝ።

መሣሪያው አየር መስጠት ያቆመ መሰለኝ። እስባለሁ፣ ይገባል፣ ግን የሚደርስበት አይደርስም። ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ያህል ከበደኝ፤ ሳል መጣ። ቤዛ ዓይኔን አይታ ክንዴን ያዘች። አልጎተተችኝም፤ ቀስ አድርጋ፣ እያየችኝ ይዛኝ ወጣች። ላይ ስደርስ ይሻለኛል ብዬ ነበር፤ ባሰኝ። አሸዋው ላይ ስንበረከክ ከሳሌ ጋር ሮዝ አረፋ ወጣ። ደረቴ ውስጥ ሽሮ ሲንተከተክ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር።

«እማ፣ ውሃ ዋጥሽ? ውሃ ገባብሽ?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ከባሕሩ አንዲት ጠብታ በአፌ አልገባችም። ቤዛ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችኝ፣ ዚፑን ከፈተች፣ ከመኪናዋ ኦክስጅን አምጥታ አፌ ላይ ያዘችልኝ። አምቡላንሱ እስኪመጣ ከአፌ አላነሳችውም።

ከአምቡላንሱ ከወረዱት አንዷ፣ ነጭ ፀጉር ያላት ሴት፣ የጎማውን ልብስ በመቀስ ከአንገቴ ጀምራ ልትቆርጠው ጎንበስ አለች። ማተቤን ስታይ መቀሱ ቆመ። ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ክሩን በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋ ያዘችና ከሥሩ ያለውን ጎማ ብቻ ቆረጠች። ያን ያህል ተጨንቄ ያንን አየሁ። ስሟን ስለማላውቅ በጸሎቴ ሳነሳት «መቀስ የያዘችው» እላለሁ።

ሆስፒታል ያደርኩት ተቀምጬ ነው። ጋደም ስል ትንፋሼ ይሄዳል፤ ቀና ስል ይመለሳል። መተንፈስ ሥራ ሆነብኝ፤ አንዱን ጨርሼ ሌላውን አስባለሁ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይህን ሥራ ማን ሲሠራልኝ እንደኖረ ያን ሌሊት አወቅኩ። ስተኛ፣ ስስቅ፣ ሰው ስቀየም፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳላመሰግን።

በማግስቱ ተሻለኝ። ወጣቱ ሐኪም የሳንባዬን ፎቶ እያየ፣ «የባሕር ውሃ ገብቷል» አለኝ።

«አልገባም።»

«ሳይታወቅሽ ነው።»

ከመግባቴ በፊት የበላሁት ወይም የጠጣሁት ነገር እንዳለ ጠየቀኝ፤ «ምንም፣ ሆዴ ባዶ ነበር» አልኩት። ጻፈው። አንቲባዮቲክ ሰጥቶ ወደ ቤት ላከኝ።

ታደሰ በር ላይ ቆሞ ነበር። ደግፎ ሶፋው ላይ አስቀመጠኝና ወደ ልጁ ዞረ።

«እናትሽን ልትገድያት ነበር።»

«አባዬ፣ እኔ...»

«ዓሣ ልታሳያት! ዓሣ እኮ ገበያ ሞልቷል!»

ሌላ ቀን ቢሆን ሦስታችንም እንስቅ ነበር። ቤዛ ክፍሏ ገባች። ሳምንት ሳይሞላ የመጥለቂያ ዕቃዋን ሁሉ ጋራዥ ከተተችና ሥራዋን ለቀቀች፤ የገበያ ማዕከል ውስጥ የጫማ ሱቅ ገባች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ። «ዚፑን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ልብሱ ጠባብ እንደሆነ አይቻለሁ፣ ዘጋሁት» አለችኝ። አማርኛው ጠፍቷት አይደለም። በአማርኛ ልትለው አቅም አጥታ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈራሁት ሞትን ብቻ አልነበረም። ምን እንደነካኝ ሳይታወቅ ከቀረ ልጄ ዕድሜ ልኳን «እናቴን ልገድል ነበር» እያለች ትኖራለች። ከመድኃኒት በላይ የምፈልገው የሕመሜን ስም ነበር፤ ለእሷ የምሰጣት።

ሳሉና ድካሙ ስላልለቀቀኝ ጂፒው ዘንድ ተመላለስኩ። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ቴሌቪዥን ድምፁ ጠፍቶ ምግብ አሠራር ያሳያል። እኔ ትንፋሽ እየቆጠርኩ፣ ሰውየው ያለ ድምፅ ሽንኩርት ይከትፋል። መጀመሪያ «አስም ነው» ተባልኩና የሚነፋ መድኃኒት ተሰጠኝ፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ «ድንጋጤ ነው» ተባልኩና ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ሪፈራል ተጻፈልኝ። ባለሙያዋ ደግ ልጅ ናት፤ መሐረብ አቀረበችልኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ወደ አውስትራሊያ በጀልባ ስትመጪ ባሕሩ ላይ የደረሰብሽ ነገር ነበር?»

«በአውሮፕላን ነው የመጣሁት።»

«አውሮፕላኑስ ላይ?»

«ዶሮ ሰጡን፤ ጾም ስለነበር አልበላሁም።»

ጻፈችው። በመጨረሻ ፍርሃቴን እንድጋፈጠው፣ ወደ መዋኛው ቀስ እያልኩ እንድመለስ መከረችኝ።

አብረን ቤተ ክርስቲያን የምንሳለም ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ግን የራሳቸው ምርመራ ነበራቸው። «ባሕሩ ለክፎሽ ነው» አሉኝ። «ሰው የሞተበት መርከብ ላይ ምን ልታደርጊ ሄድሽ? ባዶ ቤት እንኳ ሰው ዘው ብሎ አይገባም።»

«እትዬ፣ ዓሣ ነው ያለበት።»

«ዓሣ መስሎሽ ነው!»

ብለው አንድ ጀሪካን ጠበል ራሳቸው ተሸክመው አመጡልኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ከልባቸው ነው። እኔም ወደ መዋኛው የምመለስበት ቀን ሲደርስ ፍርሃቴ ስለበዛ ማለዳ ተነስቼ ከዚያ ጠበል ጠጣሁ። መዋኛው ውስጥ ጥቂት እንደተመላለስኩ ያ ድምፅ ደረቴ ውስጥ ጀመረ። እንደ ባሕሩ ቀን አልከፋም፤ ግን ያው ነበር። ሽሮው ተንተከተከ። የመዋኛው ጠባቂ አወጣኝ፤ እንደገና አምቡላንስ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ያስፈራል። የመጀመሪያውን ሰው አደጋ ነው ይላል። ሁለተኛው ሲመጣ ቤትሽን የሚያውቅ ነገር እንደሆነ ይገባሻል። ኢመርጀንሲ ውስጥ መጋረጃው ተዘግቶ ስጠብቅ ከማዶ አንድ ሽማግሌ ሰው በማላውቀው ቋንቋ ይጸልይ ነበር። ቃሉ ባይገባኝም እሱ በጨረሰ ቁጥር «አሜን» አልኩለት።

በዚህኛው ጊዜ ያየችኝ ሐኪም ቸኩላ የማታውቅ ሴት ናት። ግፊቴን ራሷ ለካች፤ ጠብቃ ለካች፤ አሳድራኝም ለካች። በማግስቱ ልቤን በአልትራሳውንድ አየችና አስተርጓሚ በስልክ አስጠርታ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠች። ቤዛ ጥግ ላይ ቆማለች።

«መርከቡ ጋ የሄድሽ ቀን ከእንቅልፍሽ ስትነሺ ጀምሪልኝ» አለች። «ውሃው ውስጥ እስክትገቢ ያደረግሽውን ሁሉ። ትንሹንም።»

«ተነሳሁ፤ ጸለይኩ፤ ጠበሌን ጠጣሁ፤ ከዚያ ቦርሳዬን...»

የስልኩ ሰውዬ አቋረጠኝ። አስተርጓሚው የሸመገለ ሰው ድምፅ ነበረው። «አንዴ እናቴ፣ ጠበሉን ላስረዳት» አለና በእንግሊዝኛ አስረዳት። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ምን ያህል ጠጣሽ?»

«እንደ ልማዴ ነዋ።»

«እማ» አለች ቤዛ ከጥግ፤ «ሁለት ሃይላንድ ባዶውን መኪናዬ ውስጥ አይቻለሁ። ትልልቁን።»

ያኔ ነው ያስታወስኩት። «ያን ቀን ፈርቼ ስለነበር ሁለት ነው» አልኩ። «አንዱ የኔ፣ አንዱ የእሷ።»

«የኔ?»

«ስሰጥሽ "በኋላ" ነው የምትዪኝ። ባሕር ልትገቢ ነው፤ እንዴት ሳትጠጪ ትገቢያለሽ? የአንቺንም እኔ ጠጣሁልሽ።»

አስተርጓሚው ሳቁን ሲውጥ ሰማሁት። ይህን እንዴት አድርጎ እንደተረጎመው እሱ ያውቃል። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም፤ «የመዋኛው ቀንስ?» አለችኝ። የእትዬ አስካለን ጀሪካን ነገርኳት።

እናንተ ፍረዱኝ፤ ያ ወጣት ሐኪም ሲጠይቀኝ አልዋሸሁትም። ጠበልን ከሚበላና ከሚጠጣ ነገር ጋር ቆጥሬው አላውቅም። ባዶ ሆድ የሚጠጣ ነው፤ ጠጥተሽም ሆድሽ ባዶ ነው። ከመካከላችን ሐኪም «ምን ጠጣሽ» ሲላት ጠበል ብላ የምትመልስ ማን አለች? ቤዛም ብትሆን ከልጅነቷ ጀምሮ የኔ ሃይላንድ መኪና ውስጥ ሲንከባለል ያደገች ናት፤ ነገሬ አላለችውም።

ሐኪሟ እጇን ጨብጣ እያሳየች አስረዳችኝ፤ እኔም እንደገባኝ ልንገራችሁ። ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባ በእጅና በእግር ያለው ደም ሸሽቶ ወደ ደረት ይሰበሰባል። ጥብቅ ልብስም እንዲሁ ይገፋዋል። የኔ ልብ ደግሞ ለዓመታት ሳላውቀው በኖረ ግፊት ግድግዳው ወፍሮ ደንድኗል፤ የመጣለትን ደም ሁሉ ቶሎ መቀበል አይችልም። በዚያ ላይ ያ ሁሉ ጠበል ገና ደሜ ውስጥ ነበር። ደሙ መሄጃ ሲያጣ ወደ ሳንባ ተመልሶ ይጨናነቃል፤ ከውስጡ ውሃው በስሱ የሳንባ ግድግዳ አልፎ አየር ወዳለበት ይፈስሳል። የሳንባ ውሃ መቋጠር ነው፤ በዋና ጊዜ የሚመጣ ዓይነት። የሚያውቀው ሐኪም ብዙ አይደለም አለችኝ።

ደጋግሜ ጠየቅኳት። «ታዲያ ሳንባዬን የሞላው ውሃ የባሕሩ አይደለም?»

«አይደለም። የራስሽ ነው።»

አልጋው ላይ ተቀምጬ ደረቴን ነካሁ። ያን ሁሉ ባሕር ፈርቼ፣ ባሕሩ አንዲት ጠብታ አልጨመረብኝም። በራሴ ደም ውስጥ ሰጥሜ ኖሯል። በዚያ ቀጭን ግድግዳ፣ ከወረቀት በሚሳሳ ነገር፣ አየርና ደም ሳይደባለቁ ጎን ለጎን ስንት ዓመት ኖሩ! መርከቡን ባየሁበት ዓይን ሳንባዬን አየሁት። የማንን ሥራ ተሸክሜ ነው የምዞረው?

ቤዛ ግን ገና አልተነፈሰችም። ራሷ በእንግሊዝኛ ጠየቀች፤ ጥያቄውን አስተርጓሚው ሳያስረዳኝም ገባኝ። ዚፑን ነው የጠየቀችው። ሐኪሟ አላባበለቻትም። «ልብሱ አስተዋጽኦ አለው» አለች። ከዚያ ወንበሯን ወደ እሷ አዞረች። «ግን ቀስ ብለሽ አወጣሻት። ቀጥ አድርገሽ አስቀመጥሻት፣ ልብሱን ከፈትሽላት፣ ኦክስጅን ሰጠሻት። እዚያ እኔ ብኖር ያንኑ ነበር የማደርገው። አስተኝተሻት ቢሆን ዛሬ አናወራም ነበር።»

ልጄ አለቀሰች። ወር ሙሉ ያልወጣላት ልቅሶ ነው። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሥራው ባይሆንም «አይዞሽ ልጄ» አላት።

ቤት ገብቼ ሁሉን ለታደሰ ነገርኩት። ቅዳሜ ስነሳ ጋራዡ ተከፍቷል፤ የቤዛን ዕቃ በሙሉ አውጥቶ ጓሮ ውስጥ በውሃ ጎማ ያጥባል። የጎማውን ልብስ ገልብጦ፣ እጅጌውን ዘርግቶ፣ ሸሚዝ እንደሚያሰጣ ሰው በጥንቃቄ ሰቀለው። ቤዛ በመስኮት አየችው።

ቀሪው ጭንቀት የኔ ነበር። ጠበል አመመኝ እንዴት ይባላል? ይህን ብናገር እምነቴ ጎደለ ይሉኛል ብዬ ስንት ቀን በልቤ ይዤው ዞርኩ። በመጨረሻ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። የቤዛን ድርሻ ጠጣሁላት ስላቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ልጄ፣ የሰው ጠበል ይጠጣል እንዴ?»

«ፈርቼ ነው አባታችን።»

ሳቃቸውን አቆሙ። «እሱን ነው የምጠይቅሽ። አምነሽ ነው ወይስ ፈርተሽ? ያመነ ሰው አንድ ጉንጭ ይበቃዋል። ሃይላንዱን ያስጨረሰሽ ፍርሃቱ ነው። በረከት በሊትር አይለካም። በይ የሐኪሟን ኪኒን በጊዜው ዋጪ፤ ጾም ነው ብለሽ እንዳታቋርጪ፣ ቢቸግርሽ ሰዓቱን ከእኔም ከእሷም ጋር ተመካከሪ። እግዚአብሔር በእሷም እጅ ይሠራል።»

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በትንሿ ስኒ እቀምሳለሁ። ያው ነው፤ ምናልባትም ይጣፍጣል።

እንግዲህ እናቶች፣ ከኔ የምትወስዱት ይህ ነው። ግፊታችሁን ሐኪም ቤት ብቻ ሳይሆን ቤታችሁም ተረጋግታችሁ ተለኩ፤ «ከድንጋጤ ነው» ሲሏችሁ እንዲደግሙ ጠይቁ፣ አትፈሩ። ዋና ከመግባታችሁ በፊት ውሃም ይሁን ጠበል አታብዙ። ውሃ ውስጥ ሳላችሁ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከመጣ «ያልፋል» አትበሉ፤ ወዲያው ውጡ፣ ተቀመጡ፣ አትተኙ፣ ሰው ጥሩ። ሐኪም ሲጠይቃችሁ ደግሞ ሁሉን ንገሩ፤ ጠበሉን፣ ጾሙን፣ ዳማከሴውን። የሚያሳፍር ነገር የለውም። አስተርጓሚ ማስጠራት መብታችሁ ነው፤ ልጆቻችሁን አታስጨንቁ።

እኔ ኪኒኔን እየወሰድኩ ግፊቴ ወርዷል። በሐኪሟ ፈቃድ ሞቅ ባለ መዋኛ ውስጥ ቀስ እያልኩ እዋኛለሁ፤ ሥራዬም ላይ ተመልሻለሁ። መጥለቅ ግን ከእንግዲህ የለም፤ ሐኪሟ ቁርጥ አድርጋ ነግራኛለች። አላዘንኩም። አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ሳያዩ የሚኖሩ ስንት ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ቤዛ ከአንዲት የቀድሞ ጠላቂ ባልደረባዋ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መርከቡ ተመለሰች። ታደሰ «እኔ ነኝ የምነዳው» ብሎ ሦስታችንም ሄድን። ልጄ ዚፑን ስትዘጋ እጇ ለአፍታ ቆመ። አባቷን አየችው። እሱ ዞሮ ባሕሩን ያያል። ዘጋችውና ገባች።

አሸዋው ላይ ቆመን አረፋዋን ተከተልን። ውሃው ላይ ነጠላ ነጠላ ነጭ ነጥብ እየሆነ ይወጣል፤ በወጣ ቁጥር ተነፈሰች ማለት ነው። ታደሰ አልተቀመጠም፣ ስልኩን አላወጣም፣ ከኔም ጋር አላወራም። አረፋው ወደ ግራ ሲሄድ እሱም በዳርቻው ወደ ግራ ይሄዳል፤ ሲመለስ ይመለሳል። አንዴ ለጥቂት ጊዜ ጠፋበት፤ ትንፋሹን ይዞ ሲጠብቅ ጎኔ ቆሜ ሰማሁት። እንደገና ሲወጣ «እዚያ ናት» አለኝ፣ እኔ እንዳላየሁ ሁሉ።

ወደ ዳር ስትቀርብና ራሷ ከውሃው ብቅ ሲል ጫማውን ሳያወልቅ ገባ። ውሃው ጉልበቱን አለፈ፤ በቅዝቃዜው ጮኸ፣ አልተመለሰም። «አምጪ፣ ስጪኝ» ብሎ ሲሊንደሩን ከጀርባዋ ሊቀበላት ሲይዘው ክብደቱ አንገዳገደው፤ እሷው ደገፈችው።

«ይህን ሁሉ ተሸክመሽ ነው የምትወርጂው?» አላት እየተንቀጠቀጠ።

«ታች ስትደርስ አይከብድም፣ አባዬ።»